ቅዳሜ የሚጀምረው ውይይት

በተፈጥሮዬ ጠርጣራ ነኝ። እናቴ «አንቺ እኮ ጡት ስትጠቢም በአንድ ዓይንሽ በሩን ታዪ ነበር» እያለች ትቀልድብኛለች። ሐኪም መድኃኒት ሲያዝልኝ ፋርማሲ ገብቼ «እርግጠኛ ናችሁ?» እላለሁ፤ እርግጠኛ ነን ሲሉኝ ደግሞ ምን አስቸኮላቸው ብዬ አስባለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት የተረተው ሰው ከእኛ ወገን ሳይሆን አይቀርም። ዜና ቤት ተቀጥሬ የገባሁ ቀን፣ በቃ ለዚህ ጠባይ ደመወዝ የሚከፍል ሰው ተገኘ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ዜና ቤት ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ዓለም ባንክ በሚባለው ሰፈር፣ ከሶፋ መሸጫ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ጋዜጣ አናትምም፣ ሬዲዮም የለንም፤ ያለን ድረ ገጽና የቴሌግራም ቻናል ነው። የእኔ ሥራ ዜናዎቹን መደርደር ነው፤ የትኛው ከላይ ይቀመጥ፣ የትኛው ይከተል፣ የትኛው ታች ይውረድ። ርዕስም የማወጣው እኔ ነኝ። የገጹን የመጨረሻ ጫፍ፣ አንባቢ አውራ ጣቱ እስኪደክም ካልወረደ በቀር የማይደርስበትን ቦታ፣ እኛ «ምድር ቤት» እንለዋለን። «ይሄን ምድር ቤት አውርጂው» ከተባልኩ ያ ዜና አለቀለት፣ ለቅሶ የሚቀመጥለትም የለም።

ግድግዳው ላይ አንድ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። ፊልምም ኳስም አይታይበትም። የሚታየው በዚያች ደቂቃ ስንት ሰው የትኛውን ዜና እያነበበ እንደሆነ ነው። የሚነበበው አረንጓዴ ሆኖ ወደ ላይ ይወጣል፣ የማይነበበው እየቀላ ይወርዳል። የተቀጠርኩ ሰሞን ዓይኔን ከዚህ ቴሌቪዥን መንቀል ያቅተኝ ነበር። አንድ ሰው እኛ ሰፈር፣ ቀራንዮ፣ ቤቱ ውስጥ ጋደም ብሎ ስልኩን ነካ ሲያደርግ፣ እኔ ዓለም ባንክ ተቀምጬ ጣቱን አያለሁ። ጣቱን እንጂ ሰውየውን አላይም። ጣት ደግሞ ሊዋሽ እንደሚችል ያኔም እጠረጥር ነበር።

ላይ የሚወጣው ምን እንደሆነ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ዘፋኝ አገባ፣ ዘፋኝ ፈታ፣ ተዋናይት ወፈረች፣ ኳስ ተጫዋች ክለብ ቀየረ። ግብር የሚጨምር፣ ሰው ከቤቱ የሚያስወጣ፣ የልጅ ትምህርት ቤት የሚቀይር ነገር ስናወጣ ግን ሻዬን ጠጥቼ ሳልጨርስ ይቀላል። አንድ ቀን የኪራይ ቤትን የሚመለከት ረቂቅ ሕግ፣ ሙሉ ጠዋት ለፍቼ፣ ለአክስቴ እንደማስረዳ አድርጌ ጻፍኩት። ከጎኑ አንዲት ተዋናይት ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠችበት ፎቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ቀና ብዬ ሳይ ተዋናይቷ አናት ላይ ናት፣ ሕጉ ምድር ቤት ወርዷል። «ይሄ ሁሉ ሕዝብ ተከራይ አይደለም እንዴ!» ብዬ ጮኽኩ። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም።

ጠርጣራ ሰው እንዲህ ያለ ነገር በራሱ ይሆናል ብሎ አያምንም። ከበስተጀርባ እጅ አለ አልኩ። የጠረጠርኩትም አለቃዬን ነው። በዕድሜ ታናሼ ነው፤ ጎበዝ፣ ፈጣን፣ ቁጥር የሚወድ ሰው። «ሕዝቡ የሚፈልገውን ነው የምንሰጠው» የምትል አባባል አለችው፣ በቀን ሦስት ጊዜ እንደ መድኃኒት ይወስዳታል። ስልክ ሲደወልለት ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ በሹክሹክታ ነው የሚያወራው። አንድ ቀን ውሃ የምቀዳ መስዬ ተከተልኩት። «እሺ፣ እሺ፣ አልረሳም፣ ዛሬውኑ» ይላል። «ያዝኩህ» አልኩ በሆዴ። ቀጥሎ «ዳይፐሩ ትልቁ ነው መካከለኛው?» አለ። ባዶ ብርጭቆዬን ይዤ፣ አፍሬ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላም ወራት ሙሉ ጠበቅኩ። ደውሎ ይህን አንሱ፣ ያንን ጣሉ ያለ ሰው አልሰማሁም። አለቃዬ ቴሌቪዥኑን ያያል፣ ያዛል፣ በቃ። እውነቱን ለመናገር እጅ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። እጅ ከሌለ ዜናውን ምድር ቤት የሚያወርደው ሕዝቡ ራሱ ነው ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ አልዋጥልኝ አለ።

ስለዚህ ሕዝቡን መጠርጠር ጀመርኩ። ከዓለም ባንክ ወደ ቀራንዮ ስመለስ ታክሲ ውስጥ የሰው ስልክ አያለሁ። ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ያየሁትን ልንገራችሁ። ሰው የሠርግ ፎቶ ሲያይ ስልኩን ዘርግቶ ነው፤ እንዲያውም «እዪማ ቀሚሷን» ብሎ ከጎኑ ለተቀመጠች ለማያውቃት ሴት ያሳያል። ፖለቲካ ሲያነብ ግን ስልኩን ወደ ደረቱ ያስጠጋል፣ ብርሃኑንም ይቀንሳል። አንዴ ከጎኔ የተቀመጠ ሸምገል ያለ ሰው ስለ ምክር ቤት የተጻፈ ረጅም ነገር ሲያነብ ዓይኔን ጣል አደረግኩ። ወዲያው ወደ ኳስ ቀየረው። ኳሱን ግን አላነበበውም፤ እስከ ፌርማታችን ድረስ ያንኑ አንድ ገጽ ይዞ ተቀመጠ። እሱ እኔን ጠርጥሮ፣ እኔ እሱን ጠርጥሬ ወረድን።

እናቴም ከዚህ ሕዝብ አንዷ ናት። ኮልፌ ክፍለ ከተማ፣ ቀራንዮ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈር አብረን ነው የምንኖረው። ስኳር አለባት። ግራ እግሯ ሥር የወጣ ቁስል አልድን ብሎ በሳምንት ሦስት ቀን ጤና ጣቢያ እየሄደች ታስጠርጋለች። ቅርብ ነው፤ በእሷ እርምጃ፣ ሁለት ቦታ አረፍ ብላ፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የምትሄደውም ብቻዋን ነው። ልሸኝሽ ስላት «የቆሰለው እግሬ ነው እንጂ ዓይኔ አይደለም» ትለኛለች። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ተበጥራ፣ ንጹሕ ሻሽ አስራ ስትወጣ ሥራ የምትገባ ነው የምትመስለው። እዚያ አግዳሚው ላይ የምታገኛቸው ሰዎች አሏት። ቁስሏን የምትጠርግላት ነርስ አንዴ ትቆጣታለች፣ አንዴ ታስቃታለች። ከዚያ ይዛ የምትመጣው ወሬ እስከ ምሳ ይበቃናል። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ የራሷ የምትለው ነገር ያቺ መንገድ ብቻ ነበረች።

ድሮ ሬዲዮ ዜና ሲጀምር ቤቱን ጸጥ የምታሰኘው እሷ ነበረች። አሁን መነጽሯን አድርጋ ስልኳ ላይ የእኛን ገጽ ትከፍታለች፣ የምታየው ግን ሠርግ ነው። «ፖለቲካውንስ?» ስላት «ተይኝ እስቲ» ትላለች። «ዘፋኟ ብትፈታ ለምን አወቅሽ የሚለኝ የለም።»

ስንፍና አይደለም። ከዓመታት በፊት አንድ ስብሰባ ተጠርታ ሄደች። በር ላይ ስምሽን ጻፊና ፈርሚ አሏት፣ ፈረመች። ማይክሮፎኑ ይጮህ ስለነበር የተወራውን በደንብ እንኳን አልሰማችም። በኋላ የሰፈሩ ሕዝብ ተስማምቷል ተብሎ የተስማሙት ሰዎች ዝርዝር ሲለጠፍ፣ ስሟን አራተኛ ላይ አገኘችው። «እኔ መገኘቴን ነው የፈረምኩት፣ መስማማቴን መቼ ፈረምኩ?» ብትል የሚሰማት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ሲባል እጇን ከነጠላዋ አታወጣም። በእኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ታሪክ የሌለው ቤት የለም፤ ሰዎቹ ያገኙት መድኃኒትም አለመሄድ ነው። ያልሄደ አልፈረመም፣ ያልፈረመ አልተስማማም ብለው ያስባሉ። ያልመጣም እንደተስማማ እንደሚቆጠር የነገራቸው ሰው የለም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት በኢሜይል አንድ መግለጫ ደረሰን። የመሥሪያ ቤት መግለጫ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ስለ ዕድገት ይጀምራል፣ ስለ ቅንጅት ይቀጥላል፣ ዋናውን ነገር አራተኛው አንቀጽ ላይ ይቀብራል። ስለዚህ እኔ መግለጫ የማነበው ከአራተኛው አንቀጽ ጀምሬ ነው። «የአገልግሎት ሽግሽግ» ይላል። ሽግሽግ! የታክሲ ረዳት «ትንሽ ሸግሸግ በሉ» ሲል እንደሚለው፣ ቀላል ነገር መስሎ። ነገሩ ግን የቁስል እንክብካቤና የክትትል ሕክምና ክፍሉ ከእኛ ጤና ጣቢያ ተነስቶ አስኮ ወደሚገኝ ሕንፃ ይሄዳል ነው። በዚህ ላይ ከነዋሪው ጋር ተከታታይ ውይይት እንደሚደረግ፣ የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት በአዳራሽ እንደሚጀመር፣ ቅሬታ ካልቀረበም ዕቅዱ ወደ ሥራ እንደሚገባ ይናገራል። ከቀራንዮ አስኮ ለእናቴ ሁለት ታክሲ፣ ሁለት ሰልፍ፣ በመሃል ደግሞ መኪና የማይቆምለት መሻገሪያ ነው። ብቻዋን አትችለውም። መግለጫውን አትሜ ተነሳሁ።

«ይሄ ዛሬ አናት ላይ ይወጣል» አልኩት አለቃዬን።

ላይ ላዩን አየት አደረገው። «የሰፈር ስብሰባ? ማን ያነበዋል?»

«የኮልፌ ሰው ያነበዋል። የሚያመው ሰው ያነበዋል።»

«የሚያመው ሰው ሠርግ ነው የሚያየው» አለ። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ያየውን ነው የተናገረው። ትንሽ አሰበና «እሺ፣ አንድ ሰዓት ልስጥሽ» አለኝ። «በአንድ ሰዓት ካልወጣ ግን ምድር ቤት ነው። ርዕሱ ደግሞ አጭር ይሁን፣ ስልክ ላይ ከአራት ቃል በላይ ይቆረጣል።»

የእናቴን ነገር አልነገርኩትም። ለራሷ ጉዳይ ነው የምትሟገተው ይለኛል ብዬ ጠረጠርኩ። ቃላቱን አንድ በአንድ አወጣሁ፣ አገባሁና እንዲህ ብዬ ለቀቅኩት፦ «በቀራንዮ ውይይት ቅዳሜ ይጀምራል»።

ሩብ ሰዓት አልሞላም። ቴሌቪዥኑ ላይ አረንጓዴ ሆነ፣ ተነሳ፣ ኳሱን አለፈ፣ ሁለት ፍቺ አለፈ፣ አናት ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። እንባዬ መጣ። ስንት ዓመት ሳማው የኖርኩትን ሕዝብ በሆዴ ይቅርታ ጠየቅኩት። አለቃዬ ወንበሩን አዙሮ «ምን ጉድ ነው?» አለ። እኔ ደስታም ሲበዛብኝ እጠረጥራለሁ፤ አንባቢ የጻፋቸውን አስተያየቶች ከፈትኩ።

«ታሪፉ ስንት ነው?» ይላል የመጀመሪያው።

«እስከ መርካቶ ትደርሳለች ወይስ ጦር ኃይሎች ነው የምታበቃው?» ይላል ሌላው።

«እንኳን መጣሽ የኔ እናት፣ ስንት ትዝታ አለኝ በአንቺ ላይ!»

«ሚስቴን ያገኘኋት እሷ ውስጥ ነው። ጉልበቷ ጉልበቴን ነክቶ።»

«መግቢያዋ እንደ ድሮው ከኋላ ነው ወይስ አሻሽለዋታል?»

አለቃዬ ከትከሻዬ በላይ ሆኖ እያነበበ «ስብሰባ ታሪፍ አለው እንዴ?» አለኝ። በእሱ ዕድሜ ያለ ሰው አያውቃትም። ውይይት ታክሲ ነበረች። ከኋላዋ ጣሪያ የተሠራላት ትንሽ መኪና፣ በግራና በቀኝ ሁለት አግዳሚ ያላት፣ ተሳፋሪ ፊት ለፊት እየተያየ፣ ጉልበት ለጉልበት እየተነካካ የሚሄድባት። ፊት ለፊት ተቀምጦ ዝም ማለት ስለማይሆን ሰው ያወራ ነበር፤ ስለ ኑሮ፣ ስለ መንግሥት፣ ስለ ጤፍ። ስሟንም ያገኘችው ከዚያ ነው። ኋላ ሚኒባሶቹ በዙ፣ ሁላችንም የፊተኛውን ሰው ማጅራት እያየን መሄድ ጀመርን፣ ውይይትም ቀረች።

እኔ ርዕሱን ስጽፍ ያቺ ታክሲ ትዝ አላለችኝም። የኮልፌ ሰው ደግሞ «ውይይት ይጀምራል» ሲባል ሌላ ነገር ትዝ ሊለው አልቻለም። ከእሱ ጋር ሊነጋገሩ ነው ብሎ ከማመን፣ ከስንት ዓመት በፊት የጠፋች መኪና ተመልሳ መጣች ብሎ ማመን ቀለለው። መጀመሪያ ከት ብዬ ሳቅኩ። ቀጥሎ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም።

አለቃዬ ነገሩ ሲገባው በሳቅ ፈነዳ። ሳቁን ሲጨርስ «እንዳትነኪው» አለኝ። «ሰው እየገባ ነው። ከገባ ያነበዋል፣ ካነበበ ይገባዋል። አንቺ እንደሆነ አልዋሸሽም።»

እውነቱን ነበር፤ በዚያ ርዕስ ላይ አንድም የውሸት ቃል አልነበረም። እኔ ግን ጠረጠርኩት። ቁጥሩን ለማሳደግ ነው አልኩ፣ ሰዉን መሳቂያ ሊያደርግ ነው አልኩ፣ ነገ የሌለ ታክሲ አመጡ ተብሎ የሚሰደበው የእኔ ስም ነው አልኩ። ከሁሉም በላይ ግን ተናድጄ ነበር። የምን ታክሲ ነው! እኔ ስለ ሰው ቁስል ልነግራቸው ስለፋ እነሱ ታሪፍ ይጠይቁኛል። አለቃዬ ምሳ ሲወጣ ርዕሱን ቀየርኩት፦ «የጤና አገልግሎት ሽግሽግን በተመለከተ ከነዋሪዎች ጋር ሕዝባዊ ውይይት ሊካሄድ ነው»። የማያሻማ፣ ሥርዓት ያለው፣ የአማርኛ አስተማሪዬ ቢያየው የሚኮራበት ርዕስ ነበር።

ወዲያው «አታለላችሁን» የሚል አስተያየት መጣ። «ስብሰባ ነው፣ አትድከሙ» ብሎ ሌላው ለሌሎቹ ነገራቸው። ከዚያ በኋላ የጻፈ የለም። ዜናው ሲወርድ እያየሁ ጨነቀኝና በራሴ ስልክ ከፈትኩት፣ በቢሮው ኮምፒውተር ከፈትኩት፣ ደግሜ ከፈትኩት። ቴሌቪዥኑ ላይ ትንሽ ንቅንቅ አለና ዝም አለ። አለቃዬ ከምሳ ሲመለስ ቀልቶ ኳሱ ሥር ገብቷል፤ አሥር ሰዓት ላይ ምድር ቤት ነበር። አለቃዬ ቴሌቪዥኑን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ሥራውን ቀጠለ።

ማታ ቤት ስገባ እናቴ ስልኳን ይዛ ፈካ ብላ ጠበቀችኝ። «ያቺ ታክሲ ልትመለስ ነው አሉ፣ የናንተው ገጽ ላይ አየሁ» አለችኝ። «ከአባትሽ ጋር መርካቶ ስንት ቀን ተመላልሰንባታል መሰለሽ።»

«ታክሲ አይደለም እማዬ፣ ስብሰባ ነው» አልኳት ጫማዬን እያወለቅኩ።

«ውይ፣ ስብሰባ!» አለችና ጣቷን አንሸራታ ወደ ሠርጉ አለፈች።

በዚያች ሰዓት የቀረኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ስብሰባው ስለ አንቺ እግር ነው ማለት። አላልኩም። ደክሞኝ ነበር፣ መላውን ኮልፌ አኩርፌ ነበር። ብትሰማ ትጨነቃለች፣ ስኳሯ ይወጣል አልኩ። ብነግራትም አትሄድም፣ ስብሰባ እንዴት እንደምትጠላ እኔ አውቃለሁ አልኩ። ደግሞም ገና ማክሰኞ ነው፣ ዓርብ እነግራታለሁ አልኩ። ዓርብ የቅዳሜው ሥራ መጣና ረሳሁት። ረሳሁት የምለውን ቃል ራሴም አላምነውም።

ቅዳሜ የአንድ ዘፋኝ ሠርግ ነበር። ሁላችንም እንድንገባ ታዘዝን፤ አንዱ ከአዳራሹ ፎቶ ይልካል፣ ሌላው ይጽፋል፣ እኔ እደረድራለሁ። አንድ ጠዋት ፈቃድ መጠየቅ እችል ነበር። እኔ አንዲት ሰው ብሄድ ምን ይለወጣል፣ ደግሞ በር ላይ ስሜን ጽፌ ልፈርምላቸው ነው ብዬ ተውኩት። በዚህ በዚህ የእናቴ ልጅ ነኝ። ስብሰባው በሚጀመርበት ሰዓት፣ የሙሽራዋን ቬሎ ስንት ሚዜ እንደተሸከመው የሚናገረውን ዜና ከኬኩ ዜና በላይ ላድርገው ወይስ በታች እያልኩ ነበር። ቴሌቪዥኑ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ሆኖ ዋለ።

እሑድ ከሰዓት ጎረቤታችንን ሐጂን በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከእኛ ጋር አጥር የሚጋሩ፣ መርካቶ ጨርቅ ሲነግዱ ኖረው ሱቁን ለልጆቻቸው የተዉ ሽማግሌ ናቸው።

«ነይ እስቲ አንቺ ጋዜጠኛ» አሉኝ። «ታክሲ አለ ብለሽ አዳራሽ አስገባሽኝ።»

«ይቅርታ ሐጂ፣ ወዲያው እኮ አስተካክዬዋለሁ።»

«እኔ ያየሁት ጠዋቱን ነው። ወላሂ፣ መርካቶ የምሄድባት ተገኘች ብዬ ቅዳሜን ስጠብቅ ሰነበትኩ። እበሩ ላይ ፈርሙ አሉኝ። ለታክሲ ምን ፊርማ ያስፈልጋል ብዬ ዝም ብዬ ገባሁ።» ሳቁ። «አሥራ አንድ ነበርን። ሦስታችን ለታክሲ የመጣን ነን። ሌሎቹን አላወቅኳቸውም፣ የራሳቸው ሰዎች ይመስሉኛል።»

ሰብሳቢው ጥያቄ ያለው ሰው ሲል የተነሱት እሳቸው ብቻ ናቸው። መነሻ ቦታው የት እንደሆነ ጠየቁ። አዳራሹ ሳቀ፣ ጸሐፊው ግን ጻፈው። በሳምንቱ ለቢሯችን የተላከውን ማጠቃለያ አይቼዋለሁ፤ አንድ ተሳታፊ የትራንስፖርት ጉዳይ እንዲታይ ከመጠየቃቸው በቀር በዕቅዱ ላይ ቅሬታ ያቀረበ የለም ይላል። ያ የማያሻማ ርዕሴ አንድም ሰው አላመጣም፤ የመጡት ሦስቱም የተሳሳቱት ናቸው።

«የቁስል ክፍሉ ሊሄድ መሆኑን ሲናገሩ ሰምተዋል?» አልኳቸው።

«ሰምቻለሁ እንጂ።»

«እማዬ እዚያ እንደምትታከም ያውቁ የለም እንዴ፣ ሐጂ?»

«እንዴት አላውቅም? በሳምንት ሦስት ቀን በዚህች በር ነው የምታልፈው፣ ሰላም ሳትለኝ አልፋ አታውቅም።» ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ። «ልናገር ብዬ ነበር። ዞር ዞር ብዬ ፈለግኳችሁ። አንቺም የለሽ፣ እሷም የለች። ልጅቷ ዜና ቤት ናት፣ ከሁላችን ቀድማ የምትሰማው እሷ ናት፣ እነሱ ካልመጡ የሚያውቁት ነገር አለ አልኩ። ወይ ነገሩ ያለቀ ነው፣ ወይ የተሻለ ቦታ አግኝተዋል። እኔ በማያገባኝ ምን ጥልቅ አደረገኝ ብዬ ተቀመጥኩ።»

ስንት ዓመት ሕዝቡ ደንታ የለውም እያልኩ ኖሬአለሁ፤ ሐጂ ግን ደንታ ነበራቸው። ቃሉን ከአፋቸው የመለሰው የእኔ አለመምጣት ነው። አጥር ለአጥር እየኖርን፣ እኔ የሳቸውን ጣት ቴሌቪዥን ላይ ስጠረጥር፣ እሳቸው የእኔን መቅረት አዳራሽ ውስጥ ሲጠረጥሩ፣ ክፍሉ በመሃላችን ሄደ። ሰላም ዋሉ ብዬ ገባሁ፣ እናቴ ከሐጂ ጋር ምን አወራችሁ ስትለኝም ስለ ታክሲ ነው አልኳት።

እንዲያ ሆኖ እንኳን አልነገርኳትም። አሁን ደግሞ አፈርኩ። ምናልባት ይዘገያል፣ ምናልባት ሐሳባቸውን ይቀይራሉ እያልኩ ሳምንታት አለፉ። መንገድ ሲቆፈር ይዘገያል፣ ቧንቧ ሲጠገን ይዘገያል፣ ይህኛው ግን ባሉት ቀን ሆነ።

አንድ ሰኞ እናቴ ከጤና ጣቢያ ቶሎ ተመለሰች። የእኔ ፈረቃ ከሰዓት ስለነበረ ቤት ነበርኩ። የቁስል ክፍሉ በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ አግኝታ፣ መነጽሯን ስላልያዘች ዘበኛው ነው ያነበበላት። ነርሷ ወደ አስኮ ሄዳለች፣ አግዳሚው ላይ የሚቀመጡትም የሉም። እናቴ ያልተጠረገ ቁስሏን ይዛ የሄደችበትን መንገድ ተመለሰች። ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ሻሿንም አልፈታችም።

«ከነዋሪው ጋር ተወያይተን ነው ይላል» አለች። «መቼ ነው የተወያዩት?»

«ባለፈው ጊዜ፣ ቅዳሜ ዕለት።»

«ያ ታክሲ ነው ያልነው?»

«አዎ።»

«አንቺ ታውቂ ነበር? ይሄ ክፍል መሆኑን?»

«አውቅ ነበር፣ እማዬ።»

ትጮሃለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ሄጄ እናገር ነበር እኮ» አለች ቀስ ብላ። «ስብሰባ እጠላለሁ፣ ለዚህ ግን እሄድ ነበር። ፈርሚ ቢሉኝም እፈርም ነበር። እግሬን አውጥቼ አሳያቸው ነበር።»

ይህን አላሰብኩትም። ስንቱን ሰው በስንቱ ነገር የጠረጠርኩ ሴት፣ እናቴ ትሄድ ይሆናል ብዬ አንድም ቀን አልጠረጠርኩም። እንዲያም ሆኖ ለራሴ ጠበቃ ቆምኩ።

«ጽፌው ነበር» አልኳት። «አለቃዬን ተከራክሬ አናት ላይ አውጥቼው ነበር። ሰው አላነበበውም እንጂ እኔስ ጽፌዋለሁ።»

ቀና ብላ አየችኝ።

«ለማን?» አለች።

ቤት ውስጥ የነበርነው እኔና እሷ ብቻ ነን።